የዶቅዶቄው ዘይት

ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ሙሐመድጣሂር፣ ሞጣ

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ እትዬ ሳሊሃ፣ ልጆቹ፣ በቅሎዋም ሳትቀር እንደምን ከርማችኋል? እኔና ሀብትነሽ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ለሰርጋችን ስላልመጡ እስካሁን ትነዘንዘኛለች። የአያቶቻችን እናት አንዲት ሴት እንደነበረች፣ አንደኛው ልጇ ሰልሞ ሞጣ እንደቀረ፣ አንደኛዋ ደግሞ እዚህ ቢቸና እንዳገባች ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ ዘመድ ከሆኑ የት አሉ?» ትለኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ወሬዬ ልግባ። ጤና ጣቢያው ሞተር ብስክሌት ሰጥቶኛል! ሰዉ ዶቅዶቄ ይለዋል። ስነሳ የገበያው አህያ ሁሉ ይበረግጋል፤ እኔም ለምን ልዋሽዎ፣ ደስ ይለኛል። ቁስል አሳሪው፣ ድሬሰሩ ደምለው የሚለው ስሜ ቀርቶ ባለ ዶቅዶቄው ሆኛለሁ። ሥራዬ የፈንጣጣ ክትባት ነው። ከደብረ ወርቅ ወዲያ፣ የአዝዋሪን ወንዝ ተሻግሮ እስከ እናንተ ድረስ ያሉት አጥቢያዎች ሁሉ የእኔ ድርሻ ናቸው። መድኃኒቱ ሙቀት ስለማይወድ በአንድ ቀን ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ ሞተሩም የተሰጠኝ ለዚሁ ነው።

ችግሬ ዘይቱ ነው። ከእኔ በፊት ይነዳው የነበረው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲሄድ የሞተሩን መጽሐፍ አብሮ ወስዶታል። ምን ዓይነት ዘይት እንደሚያስፈልገው የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። የዚህ አገር ባለወፍጮ «ዘይት ዘይት ነው» ይለኛል። እርስዎ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ዘይት ሲሸጡ ስለኖሩ ጠይቀው ይጻፉልኝ፤ ካለዎትም ይላኩልኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።
ታናሽዎ ደምለው


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምለው፣ ቢቸና

አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ ጀምሬያለሁ፤ ሰላም ላንተ ይሁን ማለት ስለሆነ ክርስትናህን አይነካብህም። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን። ለሰርጉ የቀረሁት በቅሎዬ እግሯን ታማ ነው ብለህ ለሀብትነሽ ንገርልኝ። ይዘሃት ስትመጣ እንደ ልማዳችን ጎረቤቴ ወልደ ኪዳን በጉን ባርኮ ያርድላችኋል፤ ድስቱም ለብቻው ተቀምጧል።

ስለ ዘይቱ ባለወፍጮውን አትስማው። ሹፌሮቹን ጠይቄልሃለሁ። ላንተ የሚሆነው ተራው አርባ ቁጥር የሞተር ዘይት ነው፤ ምንም ያልተቀላቀለበት። ከዚያ የቀጠነው በዚህ አገር ዳገት ይቃጠላል፣ የወፈረው ደግሞ ጠዋት በብርዱ አላስነሳ ይልሃል። አንድ ቆርቆሮ በነጋዴዎቹ በኩል ልኬልሃለሁ። እስከ ምልክቱ ድረስ ሙላ፤ አብዝቶ መሙላት ደግነት እንዳይመስልህ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ሞተሩ የመንግሥት ታርጋ አለው? አንተስ ስትወጣ የምትለብሰው ካኪ ነው? ልጆቹን ስትከትብ የአባታቸውን ስም ትጽፋለህ? ዘንድሮ ስለ እርሻ ግብሩ ወሬው በዝቷል። ሱቄ ደጃፍ የሚቆመው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀምሯል፤ እኔ ስጠጋ ወሬው ስለ ጨው ዋጋ ይሆናል። ነገሩ አላማረኝም። መልሱን ቶሎ ጻፍልኝ።

አላህ ይጠብቅህ።
ሙሐመድጣሂር


ቢቸና፣ ጥር 17 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ አያ ሙሐመድጣሂር

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈን ይህን ሰላምታ እንልካለን። ሀብትነሽ ስለ በጉ ከሰማች ወዲህ የምንሄድበትን ቀን መጠየቅ ጀምራለች። ዘይቱ በጣም ተስማምቶታል። ሞተሩ በአንድ ምት ይነሳል፣ ዳገቱንም አጎንብሶ ይወጣል።

ለጥያቄዎ፣ ታርጋው የመንግሥት ነው፣ ካኪም እለብሳለሁ፤ ሀብትነሽ በካውያ አሳምራ ነው የምትሰጠኝ። ስምም እጽፋለሁ። ማን እንደተከተበና ማን እንደቀረ በሌላ በምን ይታወቃል?

ስለ ታርጋውና ስለ ካኪው ለምን እንደጠየቁኝ ግን አሁን ሳይገባኝ አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ወርቅ አለፍ ብዬ አንድ መንደር ስደርስ ሴቶቹ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ልጆቻቸውን እንደያዙ ማሳ ውስጥ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ደጃፋቸው ላይ ቀርተው «የስንት ጥማድ ግብር ልትጽፍብን መጣህ?» አሉኝ። «አባቴ፣ እኔ ገማች አይደለሁም፤ ልጆች የምከትብ ነኝ» ብላቸው «ገማች ነኝ ብሎ የሚመጣ ገማች አይተን አናውቅም» አሉኝ። ስመለስ ከቁጥቋጦ መሐል ድንጋይ ተወረወረና የፊት መብራቱን ሰበረው። ልጆች ናቸው ብዬ ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ግን እስከ ቤቴ ድረስ ወደ ኋላዬ እየዞርኩ አይ ነበር፤ ለሀብትነሽም በድንጋይ ላይ ወደቅኩ ብያታለሁ።

ከአዝዋሪ ማዶ፣ ከዳገቱ በላይ ባለችው የሚካኤል አጥቢያ ፈንጣጣ ገብቷል ይባላል። በየካቲት መጨረሻ እሄዳለሁ፤ ከዚያ እርስዎ ዘንድ ቅርብ ስለሆነ ብቅ ብዬ አያችኋለሁ። ዳገቱ ረጅም ነው አሉ። ሞተሩ እንዳይግልብኝ ከበፊቱ የተሻለ ዘይት ካለዎት ይላኩልኝ።

አክባሪዎ ደምለው


ሞጣ፣ የካቲት 6 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምለው

ሰላም ላንተና ለሀብትነሽ ይሁን። እኛ አለን።

የጠየቅከውን ልኬልሃለሁ። ጥቁር ሆኖ ስታየው እንዳትደነግጥ፤ ሹፌሮች የሚሻሙበት አዲስ ዓይነት ነው። የድሮውን ጠብታ ሳታስቀር አፍስሰህ ይህን ሙላ። ከሌላ ጋር አታቀላቅል። ነገ ዛሬ ሳትል፣ ቆርቆሮው እጅህ እንደገባ አድርገው። ደምለው፣ አደራ።

ወደዚያ አጥቢያ የምትሄድበትን ቀን ግን ከእንግዲህ በደብዳቤ አትጻፍ። ደብዳቤ ብዙ እጅ ያልፋል። ደግሞስ ከአንተ ሌላ ሰው የላቸውም? ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ብትመጣ መንገዱም ያምራል፣ ሳሊሃም ትደሰታለች። አትምጣ ማለቴ አይደለም። ማለቴ ይህን ያህል ነው።

ሙሐመድጣሂር


ቢቸና፣ መጋቢት 11 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ አያ ሙሐመድጣሂር

እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ጤና ነን፣ እኔ ግን ጉድ ሆኛለሁ።

ዘይቱን እንዳሉኝ ቀየርኩ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ለስልሶ እሰይ አልኩ። ከከተማው ወጥቼ የመጀመሪያውን ዳገት ስጀምር ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ጩኸቱ ይብስና ዶቅዶቄው ባለበት ይቀራል። ሜዳው ላይ እንደ ምንም ይሳባል፤ ዳገት ላይ ግን የለም። የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠበቅኩ፣ አላላሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ገፍቼ ስመለስ የሳቀብኝን ሰው ብዛት አልነግርዎትም። ሀብትነሽ ብቻ ደስ ብሏት ለእመቤታችን ጧፍ አብርታለች። መብራቱን የሰበረው የተወረወረ ድንጋይ መሆኑን ከሰው ሰምታ ኖሯል።

የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቆ መሆን አለበት። ባሕር ዳር ለሚወርድ ሰው ነግረው ሸራ ያስፈልጉልኝ። በበቅሎ ልሂድ ብል መድኃኒቱ መንገድ ላይ ይበላሻል። ከሚካኤል አጥቢያ የመጣ ዲያቆን ትናንት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ዋለ። ልጆች እየቀበሩ ነው አያ። «ትመጣለህ ተብለን ነበር» አለኝ። እባክዎ ይቸኩሉልኝ።

ደምለው


ሞጣ፣ መጋቢት 29 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምለው

ሰላም ይሁንልህ። መልሴ የዘገየው አሞኝ ነው፤ አሁን ደኅና ነኝ።

ሸራ አልተገኘም። ሞተሩ አልሄድም ካለ ተወው፤ አላህ ያቆመውን አንተ አትግፋ። ያ ዲያቆን የማን ልጆች እንደሞቱ ነግሮሃል? ጻፍልኝ። አይ፣ አትጻፍልኝ።

ሙሐመድጣሂር


ቢቸና፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለአያ ሙሐመድጣሂር

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

በሰሙነ ሕማማት ክፉ መናገር አልፈልግም፤ የልቤን ግን ልጽፍልዎ ነው። ገብረ ክርስቶስ የሚባል የመንገድ ሥራ መካኒክ በዚህ ሲያልፍ ለምኜው ሞተሩን ከፈተልኝ። ሸራዎቹ አላለቁም፤ አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል። ዘይቱን በጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አደረገና «ይህን ማን ሰጠህ?» አለኝ። ዘመዴ አልኩት።

የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ቦታ ነው የሚሠራው አለኝ፤ የዚህ ዶቅዶቄ ግን እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ሸራዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ካልጠበቁ ጎማው አይዞርም። ያ ጥቁር ዘይት ደግሞ ማሟለጫ ዱቄት የተጨመረበት ነው። ለመኪና ሞተር መልካም ነው፤ ለዚህ ግን ሸራዎቹን ሳሙና እንደ መቀባት ነው። ዘይቱን አፍስሰን ሸራዎቹን አንድ በአንድ በቤንዚን አጠብናቸው። አሁን የሚጎድለው ተራው አርባ ቁጥር ብቻ ነው።

አያ፣ በታኅሣሥ «ምንም ያልተቀላቀለበት» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። በየካቲት ምን አገኘዎት? ተሳስተው ከሆነ ተሳሳትኩ ይበሉኝ፤ ሰው ነዎት፣ ይቅር እላለሁ። ያ ዲያቆን እንደገና መጥቶ ነበር። የእኅቱን ልጅ ቀብሮ ነው የመጣው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እሄዳለሁ። እርስዎ ባይልኩልኝ ከመንገድ ሠራተኞቹ ለምኜ እሞላለሁ።

ደምለው


ሞጣ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምለው

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ። ይህን ደብዳቤ የያዘው ወልደ ኪዳን ነው፤ ከእጁ ወደ እጅህ እንጂ ለሌላ አይሰጥም። አንብበህ አቃጥለው።

አልተሳሳትኩም። አውቅ ነበር። ለአንተ ዘይት ስጠይቅ አንደኛው ሹፌር «ጥቁሩን ለዶቅዶቄ እንዳትሸጥ፣ ፍሪሲዮኑ አይዝለትም» ብሎኝ ነበር። አውቄ ነው የላክሁልህ።

በጥር መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ ከጨው ጆንያው ወዲያ ሰዎች ቆመው ነበር። መልካቸውን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ የሚገዙ ናቸው። አንደኛው «ያ ስም የሚጽፈው ባለ ዶቅዶቄ በሚካኤል በኩል ሊመጣ ነው» አለ። «ድምፁ ቀድሞ ይነግረናል። ከአዝዋሪ ሲወጣ ዳገቱ ላይ ይዘገያል። ኩርባዋን እስኪያልፍ እንተወውና ከኋላ በጥይት እንለዋለን» አለ። ጨው እየመዘንኩ ነበር። ጨዉን መሬት ደፋሁት።

ዘመዴ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። «አንተም ከገማቾቹ ወገን ነህ» ብለው ከነቤተሰቤ ያነዱኛል ብዬ ፈራሁ። ለአንተ እንዳልጽፍ ደግሞ ደብዳቤው ቢከፈት «ማን እንደሸፈተ ያውቃል» ተብዬ ታስሬ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። አትሂድ ብቻ ብልህም አንተ ምክንያቱን ሳታውቅ የምትቀር ሰው አይደለህም። ዳገት እንዳትወጣ ማድረግ ግን እችል ነበር። ዘይቱን የላክሁት ስለዚህ ነው። ዶቅዶቄው ቆመ ብለህ ስትጽፍልኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳሊሃን ጠርቼ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ፤ አልነገርኳትም።

ስለ ልጆቹ የጻፍከውን ደግሞ አነበብኩ። አንተን አድናለሁ ብዬ የማንን ልጅ እንደገደልኩ አላውቅም። ከጨው ጆንያው ወዲያ የቆሙት ሰዎችም ልጆች አሏቸው። እነሱንም ልነግራቸው ሞከርኩ፤ በሩቁ፣ ስለ ክትባት አንድ ሁለት ቃል ወርወር አደረግሁ። የገዙትን ይዘው ሄዱ።

ስለዚህ ስማኝ። ከመንገድ ሠራተኛ አትለምን። ተራውን አርባ ቁጥር እኔው ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት በቅሎዬ ቢቸና ትገባለች። በቅሎዋን ወልደ ኪዳን ይመልሳታል። እኔ ከአንተ ጋር በዶቅዶቄው እመለሳለሁ። በዚያ ዳገት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቀኛል፤ ጨዋቸውንም ላምባቸውንም የሚወስዱት ከእኔ ነው። የሚተኩሱት ከኋላ ስለሆነ ከኋላህ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እንቢ እንዳትለኝ። ካኪህንም አውልቅ።

ዶቅዶቄ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እሱንም እፈራለሁ፤ ኩርባዋን ግን የበለጠ እፈራለሁ። መንገድ ላይ እንዳትቀልድብኝ።

ሙሐመድጣሂር


ቢቸና፣ ግንቦት 2 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለአባቴም ለወንድሜም ለአያ ሙሐመድጣሂር

ሰላምታዬን ከምድር እስከ ሰማይ ይቀበሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ቤቴ ገብቻለሁ። እርስዎ ጠዋት ሰላት ላይ ሳሉ ከቤትዎ ሹልክ ብዬ መውጣቴን ይቅር ይበሉኝ። ብሰናበትዎ ኖሮ እንደገና ከኋላዬ ይወጡ ነበር። እትዬ ሳሊሃ አይሆንም ብትልም ይወጡ ነበር፤ አውቅዎታለሁ።

ስንመጣ የሆነውን አብረን ስለነበርን አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልናዘዝ። ከአዝዋሪ ስንወጣ ሆዴን ጭብጥ አድርገው ይዘው ያለማቋረጥ ቁርአን ሲቀሩ በልቤ ሳቅሁብዎት። ፍሪሲዮኑ ይዞ፣ ሞተሩ እየዘለቀ፣ ኩርባዋን ያለ ምንም ኮሽታ ስናልፍ «አያ ፈሪ ናቸው፣ ወሬ ሰምተው ነው» አልኩ። ላይ ደርሰን ሣር ላይ ዘፍ ብለው ሲቀመጡማ ፊቴን አዙሬ ነው የሳቅሁት። ከዚያ የሚካኤልን ልጆች ከተብን፤ የቀሩትን ማለቴ ነው። እርስዎ እያንዳንዷን እናት «ስም የሚጽፈው ለመድኃኒቱ ነው፣ እኔ ዋስ» እያሉ ሲለምኑ ዋሉ።

ብቻዬን ስመለስ ኩርባዋ ላይ ስደርስ አንድ ሰው ከድንጋዩ ጀርባ ወጥቶ መንገዱ መሐል ቆመ። ጠመንጃ በትከሻው፣ አንዲት ትንሽ ልጅ በክንዱ። ቆምኩ። ሞተሩ በራሱ ጠፋ ወይስ እኔ አጠፋሁት፣ አላስታውስም።

«ነጋዴው ዛሬ የለም?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። ልዋሽ አሰብኩ፣ ምላሴ እንቢ አለ።

ልጅቱን ወደ እኔ ዘረጋት። «እናቷ ፈርታ አላመጣችም። ክተባት» አለኝ።

እትዬ ሳሊሃ ሌሊቱን በእንስራ ውሃ አቀዝቅዛ ካሳደረችው መድኃኒት የተረፈች ጥቂት ነበረች። ልጅቱን ከእሱ ጠመንጃ ይልቅ የእኔ መርፌ አስፈራት። ስጨርስ እጅጌዋን እሱ ራሱ ቀስ ብሎ አወረደላት። ስሟን ልጠይቀው ብዬ ተውኩት፤ አልጻፍኩም። ያኔ ነው የተናገረው። «ያን ቀን ስትወጡ እዚህ ነበርኩ። ከኋላ አነጣጥሬ ጣቴን ምላጩ ላይ አድርጌ ነበር። ልስብ ጥቂት ሲቀረኝ ነው ጀርባው የአያ ሙሐመድጣሂር መሆኑን ለይቼ ጣቴን ያነሳሁት» አለኝ። ከዚያ «እኔ አውቀዋለሁ። ከነገ ጀምሮ እዚህ የሚቆመው ሰው ግን ከቆላ የመጣ ነው፣ አያውቀውም። ሁለታችሁም በዚህ አትምጡ» ብሎ ልጁን ታቅፎ ወጣ።

አያ፣ አጥብቀው አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላመንኩዎትም ነበር። አሁን አመንኩ፤ ማመን እንዲህ እንደሚያስፈራም አላውቅም ነበር። እርስዎም ለገበያ ብለው ወደዚያ ዳገት እንዳይሄዱ፤ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ።

ለእትዬ ሳሊሃ ጀርባዎ ላይ ተነጣጥሮ እንደነበር አይንገሯት። እኔም ለሀብትነሽ አልነገርኳትም።

ልጅዎ ደምለው